ሁለት ማርሚታ ከማውጣታችሁ በፊት ሞላውን ጨርሱ

ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሁለት ነገር ያምረዋል። አንዱ ከኋላ በግራና በቀኝ የሚወጣ ጥንድ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነው። ሌላው ዝቅ ያለ፣ ኩርባ ላይ የማይዋዥቅ መኪና ነው። ሁለቱንም በአንድ ዕቅድ መሥራት ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን ተራ አላቸው። ሰስፔንሽኑ፣ ማለትም ሞላውና መንሳፈፉን የሚያበርደው አሞርዛተር፣ ይቀድማል፤ ማርሚታው ይከተላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው ግልባጩን ነው። ማርሚታው ድምፁ ያጓጓል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይበየዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ብር ሲገኝ ሞላና አሞርዛተር ይቀየራል። መኪናው ይወርዳል፤ ቱቦው ግን የተለካው ለድሮው ከፍታ ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል። የፍጥነት መቀነሻው ላይ ደግሞ ማርሚታው መሬት ይልሳል። የተበየደው ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል፣ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ይከፈላል።

ዕቅዱ የሚነሳው ከመንገዱና ከአየሩ ነው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ይህ ቁጥር ለማርሚታ ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው።

ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚሁ ልክ ያንሳል፣ የሚያወጣው ጭስም ያንሳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ለዚህ ሞተር ይህን ያህል ኢንች» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ አትውሰዱት። ያ ልኬት በአብዛኛው የተሰላው ቆላ ላይ ለሚነዳ መኪና ነው። እኛ ጋ የጭስ ቱቦ አለቅጥ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ከፊታችሁ የተጫነ ካሚዮን እያዘገመ፣ የምትፈልጉት ያንኑ የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው።

መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የደሴ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን አለ። የተቦረቦረ አስፋልት አለ። ልኩ አንድ ያልሆነ የፍጥነት መቀነሻ አለ። ሜትር ይዛችሁ ውጡና በየቀኑ ከምታልፉባቸው መቀነሻዎች ከፍተኛውን ለኩ። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

ሁለት ማርሚታ ምን ይሰጣችኋል?

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። አብዛኛው እኛ እጅ ያለው መኪና አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ቱቦውን ከኋላ ለሁለት መክፈል ጉልበት አይጨምርም። የሚጨምረው መልክ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ደግሞ ድምፅ። ይህን አውቆ መሥራት ነውር የለውም፤ ማማር በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ግን «ፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ብር የሚያስወጣችሁን ሰው አትስሙ።

ሞተሩ ባለ ቪ ቅርጽ ስድስት ወይም ስምንት ሲሊንደር ከሆነ ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ጎን የራሱን ቱቦ ይዞ እስከ ኋላ መሄድ ይችላል። ያኔም ቢሆን ሁለቱ ቱቦዎች መኪናው መካከል ላይ በአንድ ማገናኛ መተንፈስ አለባቸው። ማገናኛው ሲኖር ግፊቱ ይመጣጠናል፣ ድምፁም ይሰበሰባል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እጃችሁ ላይ ያለው መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ወደ ነበረበት የማይመለስ ነገር አትቁረጡ። የፋብሪካውን ማርሚታ ከነማሰሪያው አውጥታችሁ አስቀምጡ። የስኮርታ (የመጠባበቂያ) ጎማውን ጎድጓዳ ላሜራ ቆርጦ ለሁለተኛው ማርሚታ ቦታ ማበጀት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ያ ላሜራ ሥራ አለው።

መጀመሪያ ከሥር ግቡና እዩ

መኪናውን የጋራዥ መፈተሻ ጉድጓድ ላይ ወይም ሊፍት ላይ አውጡት። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑረው። ከዚያ ሁለተኛው ቱቦ ሊያልፍበት ያሰባችሁትን ጎን በባትሪ መብራት ተከተሉት። ብዙ መኪና ላይ ማርሚታው በአንድ ጎን የሆነው ሌላው ጎን በሥራ ስለተያዘ ነው። የስኮርታው ጎድጓዳ አለ። የነዳጅ መሙያው ቱቦ አለ። የፍሬኑ የጎማ ቱቦ፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ፣ የኤቢኤስ ሽቦ አለ። አንዳንዱ ላይ የቤንዚን ትነት የሚይዘው የከሰል ጣሳም እዚያው ነው። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ዝገትም እዩ። ማርሚታ ማንጠልጠያው የሚያዝበት ላሜራ ከበሰበሰ፣ አዲስ ማርሚታ አይሸከምም።

ሰስፔንሽኑ፦ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ

ቡሾቹን (የመጋጠሚያ ጎማዎቹን)፣ ቴስቲናዎቹን (የኳስ መጋጠሚያዎቹን)፣ የአሞርዛተሩን የላይ ጎማዎች ቀድማችሁ አስፈትሹ። ቡሹ ያለቀ መኪና ላይ ውድ ሞላ ማስገባት ብር ማባከን ነው። ያለቀ ካለ አብራችሁ ቀይሩት፤ ሥራው ያው አንድ ጊዜ ይፈታል።

ሞላና አሞርዛተር ተጣጥመው ይገዙ። ጠንካራ ሞላ በለሰለሰ አሞርዛተር ላይ ሲቀመጥ መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላም ይንሳፈፋል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የምታስልኩ ከሆነ የመኪናውን ሞዴል ብቻ አትናገሩ፤ የሻሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች የተለያየ ሞላ አላቸው።

ምን ያህል ዝቅ እናድርግ? ለእኛ መንገድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመክርም። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ከጦሳ ሥር ወደ ቦርከና ቁልቁል ስትወርዱ፣ ኩርባ መሃል ላይ ሞላ ከቦታው ሲዘል ማሰብ በቂ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል የሚያያይዘው ክንድ) ቡሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ እስከ መጨረሻ መጥበቅ የለባቸውም። የጎማ ቡሽ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ ከጅምሩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጉና ያዙት፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ጋራዡ ይህን እንዲያደርግ አጠገቡ ቆማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ማርሚታው የሚያገናኘው ነገር መጣ። ሁለተኛ ማርሚታ ከነቱቦው ከኋላ ተጨማሪ ክብደት ነው። አዲሱን ሞላ ካስገባችሁ በኋላ፣ ልታስገቡት ያሰባችሁትን ማርሚታና ቱቦ አስመዝኑ፤ ያንኑ ክብደት በከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ ፖርታባጋዮ ውስጥ ጥግ ላይ አስቀምጡ። እንደዚያ አድርጋችሁ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዱት። ሞላ አዲስ ሲሆን ትንሽ ይቀመጣል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል ከጎማው በላይ እስካለው የቦዲ ጠርዝ ድረስ ለኩና ጻፉ። ይህ ነው እውነተኛው ከፍታችሁ። ማርሚታው የሚለካው በዚህ ነው።

አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራውም ሞላው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተሠራ ይበላሻል።

የቱቦው ስፋት፦ በስፋት አስሉ፣ በኢንች አትደናገጡ

ሁለት ቱቦ ሲሆን እያንዳንዱ እንደ ድሮው አንድ ቱቦ መስፋት የለበትም። ጭሱ የሚያልፍበት አፍ ስፋት ነው የሚታሰበው። ሁለት የ1¾ ኢንች ቱቦዎች አንድ ላይ ከአንድ የ2½ ኢንች ቱቦ ጋር እኩል ይሆናሉ። ሁለት የ1⅝ ኢንች ደግሞ ከአንድ የ2¼ ትንሽ በለጥ ቢሉ ነው። ለ1.8 ወይም 2 ሊትር፣ ቱርቦ ለሌለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ ከፊት የ2 ወይም የ2¼ ኢንች አንድ ቱቦ መጥቶ ከኋላ አክስል አካባቢ ለሁለት የ1⅝ ቢከፈል ለደሴ አየር ከበቂ በላይ ነው። መክፈያው ሹል ማዕዘን ይኑረው። በቲ ቅርጽ ግድግዳ እንደሚመታ ውሃ ተደርጎ የተሠራ ጭሱን ያንቃል።

የቱቦው ዓይነት ላይ አንድ አደጋ አለ። በቅርብ ስለሚገኝ ብቻ የጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ የሚጠቀሙ አሉ። ሲበየድ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምማል፤ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይይዘዋል። ስለ በያጁ ስትሉ ጥቁር ብረት ወይም ስቴንለስ ግዙ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ዝግጁ ኩርባ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ከሌለ የድሮው ዘዴ አሁንም ይሠራል። ቱቦው በአሸዋ ይሞላል፣ ጫፎቹ ይደፈናሉ፣ ከዚያ እየጋለ ይታጠፋል። አሸዋው ውስጡን ስለሚደግፈው ቱቦው አይጨፈለቅም። አሸዋው ግን ፍጹም ደረቅ ይሁን። ብረት ምጣድ ላይ ይቆላ። እርጥበት ካለው የታሰረው እንፋሎት መድፈኛውን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል።

መግጠም፦ ጎማው ሲወጣም ሲወርድም

የኮምቦልቻ በያጆች እጃቸው የተባረከ ነው። የጅቡቲን መንገድ ካሚዮን ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ካሚዮን ላይ ግን ቱቦ በወፍራም ብረት ከቻሲ ጋር ይታሰራል። በአውቶሞቢል ላይ እንዲህ አታስደርጉ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሦስት ሜትር የጥቁር ብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስቴንለስ ከሆነ 1.5 ይደርሳል። በጎማ ማንጠልጠያ ካልተያዘ፣ ወይ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል ወይ ማንጠልጠያውን ይነቅላል። ሞተሩ በጎን የተቀመጠ ከሆነ ከፊት በኩል ተጣጣፊው የሽቦ ቱቦ መቅረት የለበትም፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲረገጥ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል።

ቱቦው መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ሙከራው ይምጣ። ይህን ሙከራ የሚያደርግ ጋራዥ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ እናንተ ጠይቁ።

የኋላ ጎማ ይውለቅ፣ በአንድ በኩል ያለው ሞላ በመጭመቂያ መሣሪያ ተይዞ ይውጣ። ያለ መጭመቂያ ሞላ መፍታት ሰው ይገድላል፤ መሣሪያው የሌለው ጋራዥ አይንካው። ሞላው ከወጣ በኋላ የጎማው እምብርት በክሪክ ቀስ እያለ ይነሳ፣ የአሞርዛተሩ ማቆሚያ ጎማ እስኪነካ ድረስ። አሁን ኮንትሮል አርሙ ወይም አክስሉ መንገድ ላይ ከባድ ጉድጓድ ሲመታ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ጥቂት ዝቅ አድርጉትና በእሱና በቱቦው መካከል የልጆች መጫወቻ ጭቃ ወፈር አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ደግማችሁ አንሱት፣ ከዚያ የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት ለኩ። ከ25 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቱቦው ይዛወር። ወደታች ሲንጠለጠልም እንዲሁ አድርጉ፤ ስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ብዙ ጊዜ ቱቦ የሚነካው በዚህኛው በኩል ነው። በሁለቱም ጎን ይሠራ። ግራው ጥሩ ስለሆነ ቀኙም ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ከፍሬን የጎማ ቱቦና ከነዳጅ መስመር ርቀቱ በጣም ይብዛ፤ ቦታ ከጠበበ የሙቀት መከላከያ ላሜራ በመሃል ይግባ። ዝቅተኛው የቱቦ ነጥብ ደግሞ ከፍጥነት መቀነሻ ቁጥራችሁ ጋር ይነጻጸር። አራት ሰው አስቀምጣችሁ ለኩ፤ ባዶ መኪና ውሸት ይናገራል።

ብየዳውና ሰንሰሩ

ሙሉው ብየዳ ቱቦው ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ይሠራ። ከሥር ነዳጅ ታንከር አለ። «ታንከሩ ባዶ ነው» የሚለው ማጽናኛ አይደለም፤ ትነቱ ከቤንዚኑ የባሰ ነው። ለነጥብ ብየዳው ጊዜም ቢሆን የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይሁን፣ ባትሪው ይነቀል፣ የብየዳው ማሲ ገመድ ብየዳው አጠገብ ይያዝ። ካልሆነ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሰንሰርና ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ካታሊስት) አትንኩ። ካታሊስቱን አውጥቶ መሸጥ የተለመደ ሆኗል፤ ጢሱ ግን የሚቀረው የእናንተው ልጆች በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ከሰንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ አየር ይስባል፣ ሰንሰሩም ቤንዚን ያነሰ መስሎት ተጨማሪ ያስረጫል። ከሥራው በኋላ የቤንዚን ፍጆታ ከጨመረ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን ፈትሹ። የሳሙና አረፋ ቀቡና ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱ፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ሁለት ማርሚታ ሲሆን እያንዳንዱ ከአንዱ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። በደሴ ጠዋት ብርድ፣ ከሆጤ እስከ ፒያሳ አይነት አጭር ጉዞ ላይ፣ ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ሳይተን ይቀራል፣ ከውስጥ ያዝገዋል። ከእያንዳንዱ ማርሚታ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ማበጀት ውሃውን ያወጣዋል።

የማርሚታው አፍ ከኋላ መከላከያው ወጣ ይበል። ወደ ውስጥ ከቀረ ጭሱ ከመኪናው ሥር ተመልሶ በፖርታባጋዮ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የፖርታባጋዮው ጎማ ካረጀ በዚያው ቀን ይቀየር።

ድምፁን በተመለከተ ደሴ በተራራ የተከበበች ናት፤ ያሰማችሁት ድምፅ ይመለስላችኋል። ሌሊት የሚጸልይ፣ ጎሕ ሲቀድ የሚሰግድ ጎረቤት አለ። ከሁለቱ ማርሚታዎች በፊት አንድ የመሃል ሪዞኔተር (ጉምጉምታን የሚያበርድ የድምፅ ሣጥን) ይግባ። ያለ እሱ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው መካከል መኪናው ውስጥ ጆሮ የሚይዝ ጉምጉምታ ይፈጠራል። ያ ደግሞ ረጅም መንገድ ስትነዱ የምትቆዩበት ዙር ነው።

ከተገጠመ በኋላ

አሸዋው ከፖርታባጋዮ ይውጣ። ከፍታው እንደገና ይለካ፤ ከቀድሞው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ከቱቦው አጠገብ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በጠመኔ ቀቡ። ከዚያ አራት ሰው ጭናችሁ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱና ተመለሱ። በፍጥነት አይደለም፤ ቁልቁለቱን በማርሽ፣ ጉድጓዱን በዝግታ። ስትመለሱ ከሥር ገብታችሁ ጠመኔው የተፋቀበትን ፈልጉ። የተፋቀ ካለ ቱቦው እዚያ ይነካል፤ ገና ሳይጮህ አገኛችሁት ማለት ነው። ማሰሪያዎቹ ሞቀው ሲቀዘቅዙ ይላላሉ፣ ስለዚህ በዚሁ ቀን እንደገና ይጥበቁ።

ሥራው ሳይጀመር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ለዓመታዊ ምርመራ ምን እንደሚጠየቅ ጠይቁ። ቦሎ ልታሳድሱ ስትሄዱ የፋብሪካው ማርሚታ እቤት መኖሩን፣ ካታሊስቱ በቦታው መሆኑን የሚያሳይ ፎቶና የሥራው ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ።